ከጉድጓድ በላይ የተጀመረ ምርቃት

ገለታ ተቆጥቶ ተኝቶ ተቆጥቶ የሚነሳ ሰው ነው። በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ መልኩን የማያውቅ ድምፁን ሰምቷል። ከገበያው ወደ ቡቲዬ በሚያወጣው መንገድ ዳር የጋዝ ምድጃ የሚጠግንባት የቆርቆሮ ክፍል አለችው። በሯ ላይ ስሙ አልተጻፈም። የተጻፈው፣ በአማርኛም በስዋሂሊም፣ «እዚህ ክብሪት ለሚጭር ወዮለት» የሚል ነው። ሰዉ «ፉንዲ» ይለዋል፣ ጠጋኙ ማለቱ ነው። ዞር ሲል ደግሞ «ባሃሪ» ይሉታል፣ ባሕር። አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በሚሰለፉበት ከተማ ከባሕር ዳር ለመጣ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል?

እንዴት እንደሚጮህ ልንገራችሁ። ሻሚ የምትባል ቻፓቲ ጋጋሪ ባለፈው ዓመት ምድጃዋን አሸክማ መጣች።

«ፉንዲ፣ ይሄ ነገር ይተነፍሳል መሰለኝ» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«ክብሪት ጭሬ ጎማውን ተከትዬ ሄድኩ። እዚህ ጋ ስደርስ ቦግ አለ።»

ገለታ መፍቻውን አስቀመጠ። እሱ መፍቻ ሲያስቀምጥ የሚያውቁት ሰዎች መንገዱን ይሻገራሉ።

«ልጆች አሉሽ?»

«ሦስት፣ አላህ ያሳድግልኝ።»

«ክብሪቱን ስትጭሪ የት ነበሩ?»

«እዚያው ቁርሳቸውን…»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን እዚህ መጻፍ አይገባም። ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። እየጮኸም ቢሆን ሥራውን ሠራ፤ በቆርቆሮ ጣሳ የልብስ ሳሙና አረፋ መትቶ ጎማው ላይ በብሩሽ ቀባው፣ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ አረፋው ተነፋና ጉንጭ አከለ። «ይኸውልሽ! ሳሙና! ልብስ አታጥቢም? ሳሙና ጠፍቶ ነው በልጆችሽ ቁርስ ላይ እሳት የምታዞሪው?» ሻሚ እያለቀሰች ሄደች። ጎማዋ አዲስ ሆኗል፣ ልጆቿ በሕይወት አሉ፤ ያም ሆኖ ሁለተኛ ወደ ገለታ አልተመለሰችም። ሄዳ ደንበኛ የሆነችው የመሐዲ ነው።

የዚህች ከተማ ነገር እንዲህ ነው። እውነቱን በቁጣ ከሚነግራት ይልቅ ውሸቱን በፈገግታ የሚያቀርብላትን ትወዳለች። መሐዲ ጋዝ ሻጭ ነው፤ ለስላሳ፣ ንጹህ ለባሽ፣ የእናትህን ጤና ሳይጠይቅ ሲሊንደር የማያቀብል ሰው። ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ በጎማ እየገለበጠ እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! ገለታ ይህን ተረት የተረተ ሰው ከሱቁ ያባርራል።

ሲሊንደር የሚቀበርበትን ጉድጓድም በከተማው ያስፋፋው መሐዲ ነው። በዚህ ቆላ ውሃ እንዲቀዘቅዝ በርሜሉን እስከ አንገቱ መቅበር የቆየ ብልሃት ነው። ታዲያ ሲሊንደር በቆርቆሮ ቤት ሙቀት ይፈነዳል የሚል ወሬ የመጣ ጊዜ፣ መሐዲ «እንደ ውሃችሁ ቅበሩታ!» አለ። ከፀሐይ ያመልጣል፣ ልጅ ገፍቶ አይጥለውም፣ ሌባ አያየውም። ወለሉን ይቆፍርላችኋል፣ ውስጡን በሲሚንቶ ይለስነዋል፣ ከላይ ልክክ ያለ ሳንቃ ይገጥምበታል። ሥራው ያምራል፣ አይካድም። ሰዉም ለውሃ የሠራ ለጋዝ ይሠራል ብሎ ተቀበለ።

ጋዝ ግን አይቀዘቅዝም፣ ይጠራቀማል። ካመለጠ ወደ ጣሪያ አይወጣም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል፣ መስኮት ብትከፍቱለት አይሰማችሁም። ጉድጓድ ካገኘማ ምን ፈልጎ! ሞልቶት፣ ከንፈሩ ላይ ተርፎ፣ በወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ አንድ ሰው ሻይ ሊያፈላ ክብሪት እስኪጭር መጠበቅ ብቻ ነው።

ገለታ ይህን የተማረው በጀልባ ላይ ነው። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ገና አሥራ ዘጠኝ ሳይሞላው ከኢትዮጵያ በእግሩ ወጣ። ሰባት ዓመት በስደተኞች ሰፈር ቆይቶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ፣ ወረቀት ሳይኖረው በአንዲት ትንሽ የዓሣ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ተቀጠረ። ጀልባዋ ሦስት አራት ቀን ባሕር ላይ ታድራለች። ማብሰያው ሆዷ ውስጥ ነበር፣ ተንበርክከህ የምትሠራበት፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ከዚያም በታች ከሳንቃ ሥር። ካፒቴኑ ከላይ ሲንከባለል ማየት አይወድም ነበር። አንድ ማለዳ የሥራ ጓደኛው ሻይ ሊያፈላ ወረደ፣ ክብሪት ጫረ፣ ጀልባዋ ለሁለት ተከፈለች። ገለታን ዓሣ አጥማጆች ከውሃ ውስጥ አወጡት። የግራ ጆሮውና አንገቱ ዛሬም እንደ ደረቀ ቆዳ የተጨማደደ ነው። ጓደኛው አልተገኘም።

ከተማው የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ሚስቱ ጃለቱም፣ ልጁ ሀዊም የሚያውቁት ይህን ያህል ነው። የሟቹን ስም እንኳን በቤቱ ውስጥ ጠርቶት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚጮኸው ስለ ጎማ፣ ስለ መክፈቻ፣ ስለ ሳሙና ብቻ ነው።

ሀዊ አንድ ልጁ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። በሰው ምግብ ቤት ስትላላክ ኖራ፣ ዘንድሮ ከአብሮ አደጓ ከሪሃና ጋር የራሷን ሆቴል ልትከፍት ተነሳች። ሆቴል ስንል ያው የእኛ ሆቴል፤ ከድንበሩ ኬላ ፈንጠር ብላ የተሠራች የቆርቆሮ ቤት፣ ሻይ፣ ባቄላ፣ ቻፓቲ። ለሁለቱ ልጆች ግን ከዚያ በላይ ነበረች። ግድግዳውን ራሳቸው ሰማያዊ ቀለም ቀቡት። ከሌላ ሰው ትእዛዝ የሚያወጣቸው ሌላ በር አልነበራቸውም።

መሐዲ የሪሃና አጎት ነው። ለእህቱ ልጅ ምርቃት እንዲሆን ባለ ሁለት አፍ ምድጃ፣ ሙሉ ሲሊንደር፣ አዲስ ጎማ ሰጠ። ጉድጓዱንም በነጻ ቆፈረላቸው። ሀዊ ለአባቷ የነገረችው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ብልህ ልጅ ናት፤ ቀድማ ብትነግረው ሲሚንቶው የሚፈስ አይመስላትም ነበር።

ገለታ መጥቶ ሳንቃውን ከፍቶ አየው። «ሆቴል መሰላችሁ?» አለ፣ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰማ። «የሬሳ ሣጥን ነው የሠራላችሁ! ልክ ወስዶ፣ ለስኖ፣ መክደኛ ገጥሞ!»

ሪሃና አለቀሰች። መሐዲ ፈገግ አለ። «ፉንዲ፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። እርስዎ የሚያውቁት ባሕሩን ነው። ይሄ የብስ ነው።»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። ገለታ መፍቻውን ግድግዳው ላይ ወረወረ። በቃ፣ ሥራው ተበላሸ። የሪሃና እናት «የወንድሜ ስጦታ የሬሳ ሣጥን ከተባለ ልጄን ላውጣ» አለች። ሽማግሌ ገባ፣ ለመነ፣ አስታረቀ። እርቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ በምርቃቱ ቀን ገለታ አፉን እንዲዘጋ። እንዲመጣ፣ እንዲቀመጥ፣ እንዲበላ፣ እንዲሄድ።

በዋዜማው ጃለቱ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ማል» አለችው።

«አልናገርም ብያለሁ። በቃ።»

«ሃያ አምስት ዓመት አውቅሃለሁ፣ የሀዊ አባት። ማል። ሀዊ ትሙት በል።»

«በእናቴ ልማል።»

«እናትህ ሞታለች። ሀዊ ትሙት በል።»

ሀዊ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። በእርሷ ሞት ከማለ እንደማያፈርሰው ታውቃለች፤ በሕይወቷ ሙሉ አንድ ቀን እንኳን በስሟ በከንቱ ሲምል አልሰማችውም። ገለታ መሬት መሬት አየ። «ሀዊ ትሙት፣ አልናገርም» አለ፣ ተነስቶም ወጣ።

ምርቃቱ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሰው ከቡቲዬም ከቦሪም መጥቷል። መራቂው ቡሌ የሚባሉ የሪሃና አያት፣ የመሐዲ አባት ናቸው፣ ከኦቦ በሞተር ተፈናጥጠው የመጡ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ በጉልምስናቸው ጉድጓድ ቆፋሪ የነበሩ ሽማግሌ። በአገሩ ልማድ የአዲስ ቤት የመጀመሪያ እሳት በሽማግሌ እጅ ይለኮሳል፣ ከእሳቱ በፊት ምርቃት ይቀድማል። ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ሳል የያዘው ሳሉን ይውጣል፣ የሚያለቅስ ሕፃን የያዘች ቀድማ ትወጣለች። የሽማግሌን ምርቃት ያቋረጠ ሰው ቤቱን እንደረገመ ይቆጠራል።

መሐዲ ሲሊንደሩን ማታውኑ ገጥሞ ነበር፣ ቤቱም ተቆልፎ አደረ። ጠዋት ሳንቃው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ለአባ ቡሌ መቀመጫ እዚያው ላይ ተዘጋጀላቸው፣ ከምድጃው አጠገብ። ከዚያ የተሻለ የክብር ቦታ አልነበረም።

ገለታ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲፈታ ሸተተው።

ቀና አለ። ሽታው የቀለም ነው። እንደገና ጎንበስ አለ፣ ክሩን እንደሚፈታ መስሎ። የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ ነገር፣ ከወለሉ ጋር እየተሳበ የሚመጣ። ሪሃና አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «ቀለም ነው ፉንዲ» አለች ቶሎ ብላ፣ በልመና ድምፅ። «ትናንት ነው የቀባነው። እባክዎ።» ከኋላዋ ሀዊ ቆማለች። አባቷን አየችው።

«ምናልባት ቀለም ነው» አለ ገለታ በልቡ። ገብቶም ተቀመጠ።

ይህን ነው እንግዲህ ማንም የማያውቀው። በዚያች ጀልባ ላይ፣ ጓደኛው ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት፣ ገለታ ድስት ሊያጥብ ወደ ሆዷ ወርዶ ሸትቶት ነበር። «ምናልባት ናፍጣ ነው» ብሎ ነበር ያን ጊዜም። ካፒቴኑ ቁጡ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ወረቀት የሌለው ስደተኛ፣ የቀጠሩትን ሰው ሲሊንደር ያማ እንደሆነ በሚቀጥለው ወደብ ያራግፉታል። ይሉኝታም ነበር፤ ያበላህን ሰው ጀልባህ ትሸታለች አትለውም። ዝም ብሎ ወጣ፣ ከላይ ነፋሱ ላይ ተኛ። ጠዋት ሻዩን ለማፍላት ተራው የእርሱ ነበር። ጓደኛው ግን «ተኛ፣ እኔ አፈላለሁ» ብሎት ወረደ።

በሩ ተዘጋ። የሞያሌ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል፣ እሳቱንም ያጠፋል ተባለ። አባ ቡሌ ምንጣፉ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፣ ክብሪቱን በግራ እጃቸው ይዘው ቀኙን ዘረጉ።

«ይቺ ቤት ነጋ ትሁን!»

«ነጋ!» አለ ሕዝቡ። ሰላም ማለት ነው።

«የገባው ጠግቦ ይውጣ!»

«ነጋ!»

ገለታ ጃለቱን አያት። ጃለቱ ዓይኗን ጨፍና «ነጋ» እያለች ነው። መሐዲን አየው። መሐዲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። ሳንቃው ከሽማግሌው ሥር ነው፣ የሲሊንደሩ መዝጊያ ከሳንቃው ሥር። አርባ ሰው በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በር የተዘጋበት። ገለታ ንዴቱ ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። የተናደደው በመሐዲ ብቻ አልነበረም። በዚህ ሁሉ አፍንጫ ተናደደ፣ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ለማሽተት በሚኮራ፤ አፉን ባስማለችው ሚስቱ ተናደደ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያች ጀልባ ላይ ድስቱን ይዞ ዝም ብሎ በወጣው ልጅ ተናደደ፣ ያ ልጅ ይኸውና አምሳ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዛሬም ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«እሳቷ አትጥፋ!»

«ነጋ!»

«እሳቷ አትጥፋ፣ ልጆቿ…» አሉና አባ ቡሌ ክብሪቱን ከፈቱ። አንድ እንጨት አወጡ።

«ውጡ!»

ክፍሉ ደነገጠ። ገለታ የተቀመጡትን ረግጦ አልፎ ክብሪቱን ከሽማግሌው እጅ ነጠቀ። ያ አልበቃውም፤ አባ ቡሌን ራሳቸውን በብብታቸው ይዞ ከምንጣፉ አነሳቸው፣ እንደ ጥጃ ታቅፎ፣ በሩን በእግሩ በርግዶ ይዟቸው ወጣ። የሽማግሌው ኮፍያ እዚያው ወደቀ። ሕዝቡ እየጮኸ ተከትሎ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድም ሰው ከጋዝ ለመሸሽ አልወጣም፣ ሁሉም የወጣው ገለታን ለመደብደብ ነው። ይሁን፣ ወጥተዋል።

መሐዲ ቀድሞ ደረሰበት። ያ ሁሉ ፈገግታ የት እንደገባ እንጃ፣ በጥፊ መታው፣ የተጨማደደው ጆሮው ላይ። ሌሎችም ጨመሩለት። ጃለቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታለች።

«ምቱኝ!» ይላል ገለታ። «እዚሁ ሆናችሁ ምቱኝ! ብቻ አትግቡ! ስልክ አትንኩ፣ ሲጋራ አታውጡ!»

ሀዊ ብቻ አልጮኸችም። ከበሩ ራቅ ብላ ቆማ አባቷን ታያለች።

«ልቀቁት» አሉ አባ ቡሌ። ኮፍያ የለበሰ ራሳቸውን ብቻ ያየ ሁሉ መላጣቸውን አይቶ አፈረ። «ተናገር አንተ። ምን አየህ?»

ገለታ አንዲት ሴት ልብስ ታጥብበት ከነበረ ሳፋ ሳሙናውን በጣሳ ቀዳ፣ ብቻውን ገባ፣ የኋላውን ቆርቆሮ ከሥሩ በእርግጫ መትቶ ገነጠለ፣ ምንጣፉን ገፈፈ፣ ሳንቃውን አነሳ። እጁን እስከ ትከሻው ሰዶ መዝጊያውን አጠበቀና ነፋሱ ቤቱን ጠርጎ እስኪወጣ ውጭ ቆመ። ከዚያ ሲሊንደሩን ከነጎማው ጎትቶ አውጥቶ ሜዳው መሃል አቆመው፣ አረፋውን ጎማው አንገት ላይ አፈሰሰ፣ መዝጊያውን ለአፍታ ከፈተው። አረፋው ተነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ።

«ትንሽ ናት» አለ መሐዲ። «ማሰሪያዋ ላልታ ነው። ነገ እቀይራታለሁ።»

አባ ቡሌ የሰው ትከሻ ይዘው ገቡና ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከኩ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ታችኛው አሁንም አልጠራም ነበር። ራሳቸውን በድንጋጤ መለሱ።

«ይሄ የኤላ ትንፋሽ ነው» አሉ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው። ኤላ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። «ኤላ ብዙ ጊዜ ካልተቀዳ፣ ታች መጥፎ ትንፋሽ ይተኛል። ወንድሜ ቱሪ ወረደ፣ አልወጣም። እሱን ሊያወጣ ጓደኛው ወረደ፣ እሱም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይወርድ ፋኖስ ነው የሚወርድ፣ ከጠፋ ሰው አይወርድም። ልጅ ሁሉ ያውቃል።» ወደ መሐዲ ዞሩ። «አንተ የቆፋሪ ልጅ! ይሄን የምታውቅ አንተ! ከልጆቹ እግር ሥር ኤላ ቆፈርክ፣ እኔን ከላዩ አስቀመጥክ፣ ክብሪት ሰጠኸኝ!»

«አባ፣ እኔ ለደግ…»

«ስንት ቤት ቆፈርክ?» አለ ገለታ።

መሐዲ ወደ ሞተሩ አመራ።

«ስንት ቤት፣ አንተ!»

መሐዲ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። አባ ቡሌም «ምርቃቱ አላለቀም» አሉ። «ጉድጓዱ ሲደፈን መጥቼ እጨርሳለሁ።»

ሀዊና ሪሃና በዚያው ቀን አሸዋ ተሸክመው ጉድጓዱን ደፈኑት። ሲሊንደሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆመ። የተገነጠለውን ቆርቆሮ እንዲያው ተዉት፣ ወለሉ እንዲተነፍስ። አባ ቡሌ በአራተኛው ቀን መጥተው ካቆሙበት ቃል ቀጥለው ጨረሱ፣ የመጀመሪያውን እሳትም ለኮሱ።

ገለታ በዚያ አልነበረም። የጠራው የለም። ሀዊ ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችውም፤ ጃለቱም ምግብ አስቀምጣለት ዞር ትላለች፣ በልጇ ሞት የተማለ መሐላ ፈርሷልና ሌሊት እየተነሳች የልጅቱን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ከተማውም እንደ ልማዱ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ያን ቀን በጥፊ የመቱት ሰዎች «እኔማ ሸትቶኝ ነበር» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጎማውን ያላላው ራሱ ገለታ ነው ብለው ያወራሉ። ከእነዚያ ሁሉ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ የተደፈኑት ሦስት ብቻ ናቸው። መሐዲ ለቀሩት «ሳንቃው ላይ ቀዳዳ አብጁለት» እያለ ያጽናናቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ ቅጠሉን ግን ይዞ የሚመጣ የለም።

በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሀዊ ወደ ሱቁ መጣች። ገለታ የምድጃ አፍ በሽቦ እየጠረገ ነበር። የእርሷን ጫማ ለየው፣ ቀና አላለም።

«መሐላውን አፈረስኩ» አለ ራሱ ጀምሮ፣ ቁጣው እንደተለመደው ከፊት ከፊት እየሮጠ። «በአንቺ ምዬ አፈረስኩ። ምን ላድርግ? ብቀመጥ ይሻል ነበር? ሰዉ ፊት ስላሳፈርኩሽ ከሆነ…»

«እሱ አይደለም አባዬ።»

ድምፇ እንደ ወትሮው አልነበረም። ቀና አለ።

«ጫማህን ስትፈታ አይቼሃለሁ» አለች። «ሁለቴ ጎንበስ አልክ። ያን ጊዜ ሸትቶህ ነበር?»

ገለታ ሽቦውን ወደ ምድጃው አፍ መለሰ።

«ሸትቶህ ነበር ወይ?»

«ሸትቶኝ ነበር።»

«እና ገብተህ ተቀመጥክ።» ዓይኗ ሞላ፣ ድምፇ ግን በንዴት ጠነከረ፤ በዚያች ቅጽበት የእርሱ ልጅ መሆኗ ማንንም አያጠራጥርም ነበር። «እኔ እዚያ ቆሜ፣ እማዬ ተቀምጣ፣ ያ ሁሉ ሰው። ምርቃቱ ግማሽ እስኪደርስ፣ ክብሪቱ እስኪወጣ። ለእያንዳንዱ ቻፓቲ ጋጋሪ ትጮሃለህ! ዕድሜ ልክህን ትጮሃለህ! ለእኔ ሲሆን ነው ዝም የምትለው?»

መንገዱ ላይ ሞተሮች ያልፋሉ። አንድ ሰው ከበሩ «ፉንዲ» ብሎ ተጣራ፣ ፊታቸውን አየና ተመለሰ። ገለታ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ስለ ጎማው፣ ስለ መሐዲ፣ ስላስማለችው እናቷ የሚናገረው ነገር ሞልቶት ነበር። ግን ሽቦውን አስቀመጠ፣ ለእርሷ የሚሆን በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገላት። እርሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ፍራንሲስ ይባል ነበር» አላት።

«ማን?»

«ጀልባው ላይ የሞተው ልጅ።» ሀዊ አባቷ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምታው አታውቅም ነበርና ጠጋ አለች። «ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው። ተራው የእኔ ነበር፣ እሱ ወረደልኝ። ያን ጊዜም ሸትቶኝ ነበር፣ ሀዊ። ማታውን ሸትቶኝ ነበር።»